የአርኪዮሎጂ ክትትል ምንድን ነው?

በእንግሊዝ ገጠር፣ በተለይ በኤሴክስና በሰፎክ የሸክላ አፈር ላይ፣ ዙሪያቸውን በውኃ ቦይ የተከበቡ አሮጌ የእርሻ ግቢዎች ብዙ ናቸው። በአገሪቱ የታወቁት ወደ 6,000 ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ የተቆፈሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1250 እስከ 1350 ገደማ ነው። ቦዩ ጠላት ከመመከት ይልቅ ጎረቤት እንዲያይ የተቆፈረ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የባለቤቱ ማዕረግ ምልክት ነበርና።

ዛሬ የእንዲህ ያለ ግቢ ባለቤት ጎተራውን አፍርሶ መኖሪያ ቤት ልሥራ ሲል፣ የግንባታ ፈቃዱ ከአንድ ግዴታ ጋር ሊሰጠው ይችላል፦ መሠረት ሲቆፈር የአርኪዮሎጂ ባለሙያ በቦታው ይገኝ። ክትትል የሚባለው ይህ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው አልሚው ነው። አሠራሩ ሥር የሰደደው በ1989 በለንደን በሼክስፒር ዘመን የነበረው የሮዝ ቲያትር ቅሪት በግንባታ መካከል ተገኝቶ ብዙ ካነጋገረ በኋላ፣ መንግሥት በ1990 ባወጣው የፕላን መመሪያ ነው።

ከሩቅ ላየው ሥራ አይመስልም፤ አንድ ሰው ከኤክስካቫተር አጠገብ ቆሞ አፈር ያያል። ማሽኑ ግን ጥርስ የሌለው አካፋ እንዲገጠምለት ይደረጋል፤ ጥርስ ያለው መሬቱን ስለሚቧጭረው የአፈሩ ቀለም አይለይም። በተላጠው መሬት ላይ ክብ ጥቁር ምልክት ከታየ ማሽኑ ይቆማል፤ ድሮ ምሰሶ የቆመበት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ግማሹን ብቻ በእጅ ይቆፍራል፤ ያልተነካው ግማሽ የአፈሩን ንብርብር በጎኑ ያሳያል። ከዚያ ይለካል፣ ይሣላል፣ ፎቶ ይነሣል።

ትልቁ ሀብት ያለው ግን ቦዩ ውስጥ ነው። ኦክስጅን የማይደርሰው እርጥብ ደለል ሌላ ቦታ ቢሆን የሚበሰብሰውን ቆዳ፣ እንጨትና የእህል ዘር ለዘመናት ያቆያል። የባሉጥ እንጨት ከተገኘ የዕድገት ቀለበቶቹ ተመርምረው ዛፉ የተቆረጠበት ዘመን፣ አንዳንዴም ዓመቱ ራሱ ይታወቃል። ስለዚህ ቦዩን ሳይነኩ ውኃውን ብቻ ማፍሰስም ጥፋት ነው፤ ደለሉ ሲደርቅ ያቆየው ሁሉ ይበሰብሳል።

ክትትል ሙሉ ቁፋሮ አይደለም። ባለሙያው የሚያየው መሠረቱ ያለፈበትን መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ የተቀበረውን አያገኘውም። ቅርስ እንዳለበት አስቀድሞ በሚታወቅ ቦታ ክትትልን ብቻ ማዘዝ፣ በእኔ እምነት፣ ርካሽ መውጫ ነው፤ የሙከራ ቁፋሮው ከፈቃዱ መቅደም ነበረበት። ምንም ባይገኝም ሪፖርቱ ተጽፎ በአካባቢው የቅርስ መዝገብ ይገባል፤ በአጎራባች ቦታ ላይ የግንባታ ጥያቄ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።