«እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ»፦ በጌታ እራት ዘግይቶ ለሚደርሰው

የተወደዳችሁ፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

የጌታ እራት ሲደርስ አብዛኞቻችን የምንገልጠው 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27ን ነው። «ሳይገባው» የሚለው ቃል ያስደነግጠናል፤ አንገታችንን ደፍተን የሳምንቱን ኃጢአት እንቆጥራለን። ራስን መመርመር ቃሉ ያዘዘው ነው። ጳውሎስን ያስቆጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከቁጥር 17 ጀምሮ ማንበብ ያሻል።

የቆሮንቶስ አማኞች የሚሰበሰቡት ቤት ውስጥ ነበር፤ ማዕዱም የሚያጠግብ ራት ነበር። ያለው ቀድሞ ይበላል፤ «አንዱም ይራባል አንዱም ይሰክራል» (ቁ. 21)። ብዙ ተርጓሚዎች እንደሚረዱት፣ ባሪያውና የቀን ሠራተኛው ከሥራ ተለቅቆ ሲደርስ የሚያገኘው ባዶ ሳህን ነበር። ሐዋርያው «አንዳችም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን?» ሲል ይጠይቃል (ቁ. 22)። መፍትሔውን በቁጥር 33 ሲሰጥ ደግሞ ጾም ወይም ረጅም ጸሎት አላዘዘም፤ «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» ነው ያለው። እንግዲህ ወንድሙን እያሳፈረ የሚቀርብም ሳይገባው ከሚበላው ወገን ነው።

ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች የሚሞሉት ቅዳሜና እሑድ ነው። ለእንግዳው ቁርስ የምታቀርበው እህት ከሥራ ወጥታ፣ ባጃጅ ይዛ ስትደርስ ዝማሬው አልቋል። የሌሊት ጥበቃም እንዲሁ፣ ተረኛ ነርስም እንዲሁ። ማዕዱን በፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚያደርግ ጉባኤ፣ ሳያስበው እነዚህን ሁሉ ይዘልላል። ከስብከት በኋላ ይሁን። ኅብስቱም ጽዋውም ተቆጥሮ ለታደመው ሰው ልክ አይዘጋጅ፤ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ተርፎ፣ ተሸፍኖ ይቀመጥ። አንድ ሊትር የወይን ጭማቂ በ15 ሚሊ ሊትር ጽዋ ከ60 ሰው በላይ ያደርሳል፤ ስለዚህ ወጪው ሰበብ አይሆንም።

ሌላው አስተናጋጆቻችን ናቸው። ያዕቆብ 2፥2-4 የሚወቅሰው አቀማመጥን ነው፤ ቀለበት ያደረገው «በዚህ ተቀመጥ» ሲባል ድሀው «ወደዚያ ቁም» ይባላል። እኛ ጋ ሱፍ የለበሰው ፊት ይወሰዳል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገው ኋላ፣ እግሩ በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ዓይን ይለምደዋል። በየረድፉ ዳር ሁለት ወንበር ባዶ ይተው፣ ዘግይቶ የመጣ ማንም ይሁን እዚያ ይቀመጥ። «እንግዶች ካላችሁ ብድግ በሉ» ማለትም ይቅር። ዓይን አፋሩ ሰው በሚቀጥለው እሑድ የማይመለሰው ብዙ ጊዜ በዚያች ደቂቃ ነው። ሲወጣ በር ላይ ሰላም ማለት ይበቃል።

ቋንቋስ? በሐዋርያት ሥራ 6 ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን ተረሱብን ብለው ሲያንጐራጉሩ፣ ጉባኤው ሰባት ሰዎች መረጠ፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ጉባኤው ቅሬታውን ሰምቶ አጽናንቶ አላለፈም፤ ከቅሬታው ወገን ለሚመስሉ ሰዎች አገልግሎቱን አስረከበ። ጃንደረባውን ሰረገላው ላይ ያገኘው ፊልጶስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ አማርኛና ሲዳሙ አፎ በሚሰማበት ጉባኤ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥23-26 በሁለቱም ይነበብ፤ የሚጨምረው ሁለት ደቂቃ ነው። ስብከት ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሲተረጐም ግን ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ 40 ደቂቃ ያሰበ ሰባኪ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይዘጋጅ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በመስኮት በኩል ጀርባውን ለብርሃን ሰጥቶ ከቆመ ፊቱ ይጨልማል፤ መስማት የተሳናቸውም ምንም አያነቡም።

ስለ መግቢያው ደረጃ ባጭሩ፦ ለእያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1.80 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ያስፈልጋል። ከዚያ ካጠረ ዊልቸሩን የግድ ሰው ይገፋዋል፤ በዝናብ ጊዜም ያንሸራትታል።

ሳህኑ ሲዞር ደግሞ በረንዳ ላይ ልጅ የምታባብል እናት፣ ኪቦርድ ላይ ያለው ወንድም፣ ግቢው በር ላይ የቆመው ጥበቃ አሉ። ጥበቃው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ አንድ ሽማግሌ የተሸፈነውን ሳህን ይዞ እሱ ጋ ይሂድ።