ሁለቱ ዲናርና የቀረው ሒሳብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስንሰማ ልባችን የሚቀረው መንገዱ ላይ ነው፤ ዘይቱ፣ ወይኑ፣ ቁስሉን ማሰሩ። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ማግስቱ ነው። ሲወጣ ሁለት ዲናር ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂው ሰጥቶ፣ ከዚህ በላይ የምትከስረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው (ሉቃ 10፥35)።

ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ 20፥2)። ሰውየው የሁለት ቀን ድካሙን ከፈለ፤ በዚያም አልዘጋውም፣ «ስመለስ» ብሎ ሒሳቡን ክፍት ትቶት ሄደ። አባቶች ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን ይተረጉሙታል። ምሥጢሩ እንዳለ ሆኖ ንባቡም አይጣልም፦ የቆሰለ ሰው አልጋ ይፈልጋል፣ አልጋው ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂውም ወጪ አለበት።

የእኛ ምጽዋት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። የታመመ ሕፃን ፎቶ በስልካችን ሲመጣ እናለቅሳለን፣ እንልካለን፣ በሳምንቱ እንረሳለን። ክፉ ነው አልልም። ሆስፒታሉ ግን ጓንትና ኦክስጅን የሚያስፈልገው ማንም ባላለቀሰበት ማክሰኞም ነው።

አዲስ አበባ ያለውን የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እናስብ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጡ፤ ሆስፒታሉን በ1967 ዓ.ም. ከፈቱት። በተራዘመ ምጥ ተጎድተው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የተገለሉ እናቶች በነፃ ይታከሙበታል፤ እስካሁን ከ60 ሺህ በላይ ሆነዋል። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ቅርንጫፎች ተከፍተውለታል። ለታካሚዋ ነፃ የሆነው ሌላ ሰው ስለከፈለላት ነው። ከከፋዮቹም ብዙዎቹ ባሕር ማዶ ያሉ፣ እናቶቹን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህ ባያሳፍረን እንኳ ሊያነቃን ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲያዝዝ፣ እርሱ ሲመጣ ሩጫ እንዳይሆን፣ እያንዳንዱ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን በቤቱ እንዲያስቀምጥ ነገራቸው (1ቆሮ 16፥2)። እኛማ ቀን አልቸገረንም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እንላለን፤ ጽዋ ማኅበራችን ወሩን ጠብቆ ይሰበሰባል፣ ዳቦውና ጠላው አይጓደልም (አንዳንዴ ይተርፋልም፤ እንተዋወቃለን)። ከዚያው ላይ ለአካባቢያችን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ቋሚ ድርሻ ይውጣ። ትንሽ ይሁን፣ ግን አይቋረጥ።

ከመስጠታችን በፊት ሰብሳቢው ሄዶ «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ብርድ ልብስ ተሸክመን ስንደርስ የጎደለው የስፌት ክር ሊሆን ይችላል። ደረሰኝም እንቀበል፤ አለማመን አይደለም። ሐዋርያው ራሱ ገንዘቡን የሚያደርሱት ምእመናኑ የመሰከሩላቸው ሰዎች እንዲሆኑ አድርጓል (1ቆሮ 16፥3)።

ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ፎቶ መነሣቱ ግን ይቅርብን። የሳምራዊው ስም በወንጌሉ አልተጻፈም።