«ኢሙኒቲ የሚጨምር ነገር አለሽ?»

ቱሉ ዲምቱ ባለው መድኃኒት ቤታችን እንዲህ ሳልጠየቅ የምውልበት ቀን የለም። ልጅ ካሳለው ይኸው ነው። አዛውንት ድካም ድካም ካላቸውም ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። የሰውነት መከላከያችን (ኢሙኒቲ) በጨመረ ቁጥር ጤናችንም ይጨምራል የሚለው እምነት ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

ከትንንሾቹ ስህተቶች ልጀምር።

«በሽታ የሚከላከልልን ነጭ የደም ሴል ነው፣ በቃ።» በቃ አይደለም። ደማችን ውስጥ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ያሉት ኮምፕልመንት የሚባል ሥርዓትም አለ። አብዛኞቹን የሚሠራቸው ጉበት ነው።

«አንቲቦዲ ካለኝ ይበቃኛል።» አንቲቦዲ ሰውነት አንድን ጀርም ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ቤልጂየማዊው ሳይንቲስት ዡል ቦርዴ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ይህን ፈትኖታል። የተከተበ እንስሳ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ሲሞቅ ባክቴሪያ መግደል ያቅተዋል። ካልተከተበ እንስሳ የተወሰደ፣ ያልሞቀ ሴረም ጠብ ሲደረግበት ግን አቅሙ ይመለሳል። አንቲቦዲው ሙቀቱን ችሏል፤ የጠፋው ኮምፕልመንቱ ነበር። ቦርዴ የ1919ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

«ቁስሉ ዙሪያውን ከቀላና ካበጠ ጀርሙ አሸንፏል።» ሁልጊዜ አይደለም። የኮምፕልመንት ስባሪዎች የደም ሥሮችን እያሰፉ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቦታው ይጠራሉ። እብጠቱ በከፊል የእነሱ ሥራ ነው። እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን ይታይ።

አሁን ወደ ዋናው። ሲ3 የሚባለው የኮምፕልመንት ፕሮቲን ሲሰነጠቅ ትልቁ ቁራጭ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፋል። የበዓል በግ የገዛ ሰው በጉን ቀለም ቀብቶ እንደሚለየው ማለት ነው። ዋጭ ሴሎች ምልክቱን ያገኙና ባክቴሪያውን ይውጡታል። ከሲ5 እስከ ሲ9 ያሉት ደግሞ ተገጣጥመው የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሽፋን ይበሳሉ። እነዚህ የሚጎድሏቸው ሰዎች ሜኒንጎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በሚያመጣው ማጅራት ገትር በቀላሉ ይያዛሉ፤ አንዳንዶቹንም ደጋግሞ ይይዛቸዋል።

ታዲያ ይጨመርልን? ቆይ። ሲ3 ጀርም ባይኖርም በጥቂቱ ሲሰነጠቅ ይውላል። የተሰነጠቀው ቁራጭ የእኛን ሴል ከባክቴሪያ አይለይም፤ ያገኘው ላይ ይለጠፋል። ሴሎቻችን የሚተርፉት ይህን የሚገቱ ፕሮቲኖች ስላሏቸው ነው። ከቀይ የደም ሴሎች ላይ እነዚህ መግቻዎች ሲጠፉ ኮምፕልመንቱ የገዛ ደማችንን ያፈነዳል።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ከሳምንታት በፊት እግሩ ላይ መግል የያዘ ቁስል ነበረው። አሁን ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጣል። «ምች ነው፤ በዳማ ከሴ አሽቼዋለሁ። አንቺ ኢሙኒቲውን የሚያነሳለት ነገር ስጪኝ» አለችኝ። ሽንቱ እንዴት ነው አልኳት። ጠቁሯል አለች። ምንም ሳልሸጥላት ሆስፒታል ላክኋት። የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ሽንቱ ውስጥ ደም አለ፣ ሲ3 ወርዷል። ቁስሉ ላይ የነበረው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የእሱ ርዝራዥና አንቲቦዲው አብረው ኩላሊት ማጣሪያው ላይ ተቀምጠው ኮምፕልመንቱን እዚያው ቀስቅሰውታል። ሲ3 የወረደው በዚያ ውጊያ እያለቀ ስለነበር ነው። የልጁን ኩላሊት ያቆሰለው የራሱ መከላከያ ነው! ልጁ በሕክምና ድኗል። አብዛኞቹ ልጆችም ይድናሉ፣ በጊዜ ከታዩ።

ሕክምናው ራሱ ወዴት እንዳዘነበለ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተፈቀደው ኤኩሊዙማብ ሲ5ን የሚያግድ መድኃኒት ነው። የሚወስደው ሰው የሜኒንጎኮከስ ክትባት ያስፈልገዋል፤ መከላከያው ሲቀነስ ያ ባክቴሪያ በር ያገኛልና። ኮምፕልመንትን ከፍ የሚያደርግ እንክብል ግን መደርደሪያዬ ላይ የለም። ዝንጅብል በማር ደስ ካላችሁ ጠጡ፤ ሳል ያለዝባል። ለሕፃን ግን 1 ዓመት ሳይሞላው ማር አትስጡ።

ለመከላከያ ብላችሁ ብር ማውጣት ካማራችሁ ለእንቁላልና ለሽሮ አውጡት። የልጆች መደበኛ ክትባት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ ቀጠሮ አታሳልፉ። የልጅ ቁስል በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ይታይ። የታዘዘው መድኃኒት ደግሞ ሕመሙ ተሻለ ተብሎ አይቋረጥ። ቶንሲል ወይም የቆዳ ቁስል የነበረበት ልጅ ከ1 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ፊቱ ካበጠ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን ሽንቱ ይመርመር፣ የደም ግፊቱም ይለካ።