ድራፍት ምንድን ነው? የሄንሪክ ሉንድክቪስት 205ኛ ቁጥር

ድራፍት ሲባል እኛ ዘንድ ቶሎ የሚታሰበው በብርጭቆ የሚቀዳው ቢራ ነው። በአይስ ሆኪ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ነው። የሰሜን አሜሪካው ሊግ የኤንኤችኤል ክለቦች በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኔ ላይ፣ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ነው ድራፍት የሚባለው።

ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ነገሩ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። በእግር ኳስ አንድ ክለብ ልጅ ሲፈልግ ከክለቡ ጋር ይደራደራል፣ ልጁም ከጠየቁት ክለቦች የወደደውን ይመርጣል። ኤንኤችኤል ውስጥ ግን አዲስ ልጅ ክለብ አይመርጥም። ተራ የደረሰው ክለብ ስሙን ከጠራው በቃ፣ መብቱ በዚያ ክለብ እጅ እስካለ ድረስ በዚያ ሊግ ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም አይችልም። ባለፈው ዓመት የደከመው ክለብ ከፊት ይሰለፋል፣ ዋንጫ የበላው ከኋላ። ክለቦች ለጥሩ ተራ ብለው ሆን ብለው እንዳይሸነፉ ደግሞ ለፊተኞቹ ቦታዎች ዕጣ ይወጣል። የመጀመሪያው ድራፍት እ.ኤ.አ. በ1963 ሞንትሪያል ውስጥ ተካሄደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ 32 ክለቦች በ7 ዙር ይመርጣሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። መመረጥ መፈረም አይደለም። ክለቡ የሚይዘው ልጁን የማስፈረም መብት ብቻ ነው። ደመወዝ የለም፣ ማሊያ የለም፣ ቦታም የለም። ይህ መብት እንደ ዕቃ ሊሸጥ ሊለወጥም ይችላል። ስዊድናዊው ፒተር ፎርስበርግ በ1991 በፊላደልፊያ ክለብ 6ኛ ሆኖ ተመረጠ። በ1992 ኤሪክ ሊንድሮስ ወደ ፊላደልፊያ ሲሄድ የፎርስበርግ መብት ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ወደ ኩቤክ ተላለፈ። ፎርስበርግ ያን ጊዜ አገሩ ላይ ለሞዶ ክለብ ነበር የሚጫወተው። በኤንኤችኤል አንድ ጨዋታ እንኳ አላደረገም።

ድራፍት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ከስዊድናዊው በረኛ ከሄንሪክ ሉንድክቪስት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሄንሪክ በ1982 ሰሜን ስዊድን ውስጥ ኦሬ በምትባል የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ከመንትያ ወንድሙ ከዮኤል ጋር ተወለደ። ልጆች ሳሉ አሰልጣኙ «በረኛ መሆን የሚፈልግ ማነው?» ሲል ጠየቀ። የሄንሪክን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሳው ዮኤል ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ አንዱ አጥቂ፣ አንዱ በረኛ ሆነው አደጉ።

በ2000 ካልጋሪ ላይ በተደረገው ድራፍት ሁለቱም 18 ዓመታቸው ነበር። ያን ጊዜ ዙሩ 9 ነበር። ዮኤልን ዳላስ በሦስተኛው ዙር 68ኛ አድርጎ ወሰደው። ሄንሪክ ግን ተራው አልደርስ አለ። አራተኛው ዙር አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ፣ ስድስተኛውም አለፈ። በሰባተኛው ዙር የኒውዮርክ ሬንጀርስ 205ኛ ብለው ጠሩት። በክለቡ ውስጥ ለዚህ ልጅ ሲከራከር የነበረው በአውሮፓ ተጫዋች የሚመለምልላቸው ስዊድናዊው ክሪስተር ሮክስትሮም ነው።

በዚያው ድራፍት 1ኛ የተመረጠውም በረኛ ነበር። ሪክ ዲፒየትሮ ይባላል፤ የወሰደውም ሌላው የኒውዮርክ ክለብ፣ አይላንደርስ ነው። ዲፒየትሮ በ2006 የ15 ዓመት ውል በ67.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራረበበት፤ በ318 ጨዋታዎች አበቃ። ሄንሪክ 887 ጨዋታ ተጫውቶ 459 አሸነፈ። ይህን የማነሳው ዲፒየትሮን ለማሳነስ አይደለም፣ ችሎታ ነበረው። የ18 ዓመት በረኛን አይቶ የ28 ዓመቱን መገመት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን ይኼው። በረኛ ዘግይቶ የሚበስል ተጫዋች ነው።

ሄንሪክ ከተመረጠ በኋላ ወደ አሜሪካ አልበረረም። አምስት ዓመት ስዊድን ውስጥ ጎተንበርግ ላይ በፍሮሉንዳ ክለብ ቆየ። በ2003 እና በ2005 የስዊድን ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2005 የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ለእኔ የድራፍቱ እውነተኛ መልክ ያለው እዚህ አምስት ዓመት ውስጥ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ መብቱ በወረቀት ተቀምጧል፣ ልጁ ጎተንበርግ ላይ ይሠራል።

አጨዋወቱም የራሱ ነበር። ብዙ በረኞች የተኳሹን ማዕዘን ለማጥበብ ወደ ፊት ይወጣሉ። እሱ ግን ወደ ኋላ፣ ከግቡ መስመር አጠገብ ይቆማል። ከኋላ ሲቆም የግቡ ክፍት ቦታ ይሰፋል። በምትኩ ፐኳን፣ ማለትም ያቺን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ፣ ለማየት ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ጉልበቱን በረዶው ላይ ጥሎ እግሮቹን ግራና ቀኝ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይዘረጋል። ይህ ፈጣን ዓይንና ፈጣን እጅ ይጠይቃል። እሱ ሁለቱም ነበሩት።

በ2005 መጸው ኒውዮርክ ገባ። በመጀመሪያው ዓመቱ 30 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከ1997 ጀምሮ ከጥሎ ማለፍ ርቆ የነበረው ሬንጀርስም ተመለሰ። በየካቲት 2006 ቶሪኖ ላይ ስዊድን ፊንላንድን 3 ለ 2 አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ስትወስድ ግቡ ላይ የቆመው እሱ ነው። በ2012 የሊጉ ምርጥ በረኛ የሚሸለመውን የቬዚና ዋንጫ ወሰደ። ደጋፊው «ኪንግ» እያለ ይጠራው ነበር። የሊጉን ትልቁን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ግን አልበላም። በ2014 ፍጻሜ ደርሰው በሎስ አንጀለስ ኪንግስ 4 ለ 1 ተሸነፉ።

ግንቦት 2017 ኮሎኝ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ነበር። ስዊድን ከካናዳ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው መለያ ምት ላይ ደረሱ። ካናዳውያን አራት መቱ፣ ሄንሪክ አራቱንም መለሰ። የስዊድን አምበል ዮኤል ነበር። በዳላስ ሦስት የውድድር ዓመት ተጫውቶ ወደ ፍሮሉንዳ የተመለሰው ያው ዮኤል።

በ2020 ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ፈርሞ ሳለ የልብ ሕመም ተገኘበት። በጥር 2021 ደረቱ ተከፍቶ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጫማውን ሰቀለ። በጥር 2022 ሬንጀርስ ማሊያ ቁጥር 30ን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጣሪያ ላይ ሰቀሉት። ከእንግዲህ በዚያ ክለብ ማንም አይለብሰውም።