መኪና ላይ ለተሠራ መኝታ ቤት የሚሆን ኤሌክትሪክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ፣ ከበስተኋላው መኝታና ማብሰያ የተሠራለት አይሱዙ ወይም ፒክ አፕ፣ ሳንቃበር በተባለው የተራራ ማደሪያ ላይ ሲያድር የሚተማመነው በራሱ ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ጀነሬተር ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነት መኪናዎች ሽቦ ስዘረጋ ባለቤቶቹ ይዘዋቸው የሚመጡት ግምቶች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ገንዘብ ያስከፍላሉ፣ አንዱ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

በብዛት የምሰማው «ባለ 3,000 ዋት ኢንቨርተር ስለገዛሁ ኃይል አያንሰኝም» የሚለው ነው። ኢንቨርተር ግን ኃይል አያመነጭም፤ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ይለውጣል እንጂ። ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ የጎንደር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ኢንቨርተሩ ቧንቧው ነው፣ ሮቶው ባትሪው ነው፤ ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ሮቶው ቶሎ ያልቃል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በ12 ቮልት ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ማውጣት ስለማይመከር በእጃችን ያለው 600 ብቻ ነው። ባለ 1,500 ዋት የውኃ ማፍያ ለ10 ደቂቃ ሲሠራ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲታከልበት፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋውን ይወስዳል። ከ3,000 ዋት በላይ የሚስበውን የእንጀራ ምጣድማ ለዚህ ባትሪ ማሰብ አይገባም። ምግቡ በጋዝ፣ ቡናው በከሰል ውጭ ይፈላ፤ ባትሪው ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ማቀዝቀዣ ይዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ገመድ ገመድ ነው» የሚለው ስህተት ነው። ያ 1,500 ዋት በ220 ቮልት ሲጓዝ 7 አምፔር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ ባለው በ12 ቮልቱ በኩል ግን ከ125 አምፔር ይበልጣል። አንድ ደንበኛ ኢንቨርተሩ ደጋግሞ እየጮኸ እንደሚጠፋ ነግሮኝ ስከፍተው፣ ከባትሪው የተሳበው ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ቀጭን ሽቦ ነበር፤ ስነካው ፕላስቲኩ እንደ ሰም ለስልሶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ይህ የተዘረጋው ከፍራሹ ሥር ነበር። ገመዱ ወፍራምና አጭር መሆን አለበት፤ ከባትሪው አጠገብም ለገመዱ የሚመጥን ፊውዝ መግባት አለበት።

«ኢንቨርተሩ እስኪጮህ ድረስ ባትሪው ደህና ነው» የሚሉም አሉ። ብዙ ኢንቨርተሮች የሚጠፉት ባትሪው ወደ 10.5 ቮልት ሲወርድ ነው፤ የአሲድ ባትሪ በዚያ ጊዜ ተሟጥጧል። ሙሉ ባትሪ ጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት አካባቢ፣ ግማሽ ሲቀረው 12.2 አካባቢ ያሳያል። ርካሽ የቮልት መለኪያ አልጋው አጠገብ መትከል ብዙ ባትሪ ያድናል።

የአይሱዙ ባለቤቶች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ አለ። የመኪናው ሥርዓት ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ሲሆን ይህም በተከታታይ ከታሰሩ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች የሚገኝ ነው። «ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ብስብ ምን ይጎዳል?» ይባላል። ዲናሞው የሚያየው የሁለቱን ድምር ስለሆነ፣ የተሳበበት ባትሪ ሳይሞላ ሲቀር ያልተነካው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይበላሻሉ። መፍትሔው ባለ 24 ቮልት ኢንቨርተር ወይም ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መለወጫ ነው።

«እስከ ደባርቅ ስነዳ ባትሪው ይሞላል» የሚለውም አሳሳች ነው። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአሲድ ባትሪ ደግሞ እስከ 80 በመቶ ድረስ ቶሎ ቢቀበልም የመጨረሻዋን 20 በመቶ የሚቀበለው በብዙ ሰዓት ነው። ስለዚህ ዲናሞው ወይም ጀነሬተሩ የመጀመሪያውን ሞልቶ፣ ቀሪውን ጣሪያ ላይ ያለ ሶላር ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ቢጨርሰው የተሻለ ነው። በጀነሬተር ሲሞላም፣ ብዙዎቹ ጀነሬተሮች ላይ ያለው የ12 ቮልት መውጫ 8 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከ220ው ሶኬት ላይ ጥሩ ቻርጀር ማገናኘት ይበልጣል።

ስለ ጀነሬተር ካነሳን፣ «2,000 የተጻፈበት 2,000 ይሰጣል» የሚለው በእኛ አገር በተለይ ስህተት ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ለአፍታ የሚችለው ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 1,600 ሊሆን ይችላል። ያም የሚለካው በባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች 1,600ው ወደ 1,200 ይወርዳል፣ 3,250 ሜትር ላይ ባለው ሳንቃበር ደግሞ ወደ 1,000 ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው ሲፈታም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ይገኛል። የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ ለከፍታ በሚሆን መቀየር ጭሱን ያስተካክላል፣ የጠፋውን ኃይል ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

«ሊቲየም ባትሪ ብርድ አይፈራም» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ኃይል ይሰጣል፤ በዚያ ቅዝቃዜ መሙላት ግን ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ከሳንቃበር በላይ ባሉት ማደሪያዎች የበጋው ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ባትሪው ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ጠዋትም ፀሐይ ሳያሞቀው አይሞላ።

ሕይወት የሚያስከፍለው «መስኮት ገርበብ ካደረግሁ ጀነሬተሩ መኪናው ሥር ቢሠራ አይጎዳም» የሚለው ነው። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም፣ ገርበብ ባለው መስኮትም ይገባል። ጀነሬተሩ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከመኪናው ዞሮና ነፋሱ ወደ መኪናው በማይመልስበት በኩል ይቀመጥ። ከመኝታ በፊትም ይጥፋ፤ የሌሊቱን መብራት ባትሪው ይችለዋል።