ገብረ ጊዮርጊስ፦ የስሙ ትርጉምና አመጣጥ

ገብረ ጊዮርጊስ «የጊዮርጊስ አገልጋይ» ማለት ነው። አገልጋይ በግዕዝ «ገብር» ነው፤ ከሚከተለው ስም ጋር ሲናበብ መጨረሻው «ረ» ይሆናል። ወልድ «ወልደ»፣ ኃይል «ኃይለ»፣ ሀብት «ሀብተ» የሚባሉትም በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ «ገብረ» ብቻውን ስም አይሞላም፤ የማን አገልጋይ? ያሰኛል። ቤተሰብ ሲያቆላምጥ «ገብሬ» ይለዋል።

ጊዮርጊስ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ገበሬ፣ መሬት አራሽ ነው። የእኛው «ገበሬ» ደግሞ «ገብር» ከወጣበት ሥር የመጣ ቃል ነው። «የገበሬው ገበሬ» ብሎ መፍታት ግን ጨዋታ እንጂ ትርጉም አይደለም።

ለፒያሳ ሰው ስሙ የሰፈር ስም ያህል ነው። ስምንት ማዕዘኑ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እዚያው አለ፤ ወር በገባ በ23 ይነገሣል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ ሁለቱም በጊዮርጊስ ዕለት ነበሩ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስም ቀድሞ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ለሴቷ ስሙ «ወለተ ጊዮርጊስ» ይሆናል። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚመረጠው በተወለደበት ወይም በተጠመቀበት ዕለት ከሚታሰበው ቅዱስ ነው፦ በ12 ከሆነ ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ። ልጁ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ከዚያ ይቆርባል። ወንዱን የሚያነሣው የክርስትና አባት ነው፤ ስሙን እሱም ቢያውቀው መልካም ነው። የቤት ስም ብቻ ሲጠራ የኖረ ሰው በሥርዓተ ተክሊልና በቁርባን ጊዜ የክርስትና ስሙ ይጠየቃል፤ ሲሞትም በፍትሐት የሚነሣው ያው ስም ነው። ያኔ የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ ቤተሰብ የሚጨነቀው ቀድሞ ስላልተጻፈ ነው።

ዛሬ ችግር የሚፈጠረው በወረቀት ላይ ነው። ቅጽ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይጠይቃል። «ገብረ» እና «ጊዮርጊስ» ተነጣጥለው ከተጻፉ ጊዮርጊስ አባት ይሆንና እውነተኛው አባት ወደ አያት ቦታ ይገፋል። መፍትሔው ከልደት ምስክር ወረቀት እስከ ፓስፖርት «ገብረጊዮርጊስ» ብሎ አጣብቆ፣ በላቲን ፊደልም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስመዝገብ ነው። «ገ/ጊዮርጊስ» የሚለው ምሕጻር ብዙም አያሳስትም፤ «ሀ/ጊዮርጊስ» ግን ሀብተ ይሁን ኃይለ፣ ሀሌታውን «ሀ» ከብዙኃኑ «ኀ» ለይቶ የሚጽፍ በጠፋበት ዘመን ባለቤቱ ካልተጠየቀ አይታወቅም።