ስለ መኪና ድምፅ ሲስተም የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪናው ላይ ጥሩ ድምፅ ለማስገባት ያሰበ ሰው መካሪ አያጣም። ሻጩ የራሱን ይላል፣ ጓደኛም የራሱን። የአብዛኛው ምክር መጨረሻ ግን አንድ ነው፤ ትልቅ ግዛ፣ ዋት ጨምር። እኔ በዚህ አልስማማም። መኪና ውስጥ ድምፅ የሚበላሸው ዕቃው ስላነሰ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በአገጣጠም ጉድለት ነው። መካከለኛ ስፒከር በሥርዓት ከተገጠመ፣ በጥድፊያ የተገጠመውን ውድ ስፒከር ያስንቃል። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚደጋገሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ካርቶኑ ላይ 2000 ዋት ይላል፤ ኃይለኛ ነው»

በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ «ፒክ» ወይም «ማክስ» የሚባለው ነው። ዕቃው ለቅጽበት ብቻ የሚነካው ጣሪያ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ አይደርስበትም። መፈለግ ያለባችሁ «አር ኤም ኤስ» የሚለውን ነው። እሱ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት ይነግራችኋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ዛሬ ሲቲኤ 2006 የሚባል መስፈርት አለ። የአምፕሊፋየር (ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው ማጉያ፣ ባጭሩ አምፕ) ዋት በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም (ኦም የስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ነው)፣ የድምፁ መዛባት ከ1 በመቶ ሳያልፍ እንዲለካ ይጠይቃል። አምፑ በዚህ መስፈርት የተለካ ከሆነ ቁጥሩን ማመን ይቻላል።

ቴፑ ላይ የሚጻፈው «50 ዋት በ4» (ለአራት ስፒከር፣ ለእያንዳንዱ 50 ዋት ማለት ነው) ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ቴፑ ውስጥ ያለው ተራ አምፕ የሚሠራው በመኪናው 14.4 ቮልት ብቻ ነው። በዚህ ቮልቴጅ፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ፣ ንጹሕ ድምፅ እየሰጠ በሒሳብ ከ26 ዋት ማለፍ አይችልም። በተግባር ደግሞ ወደ 20 ዋት አካባቢ ነው።

ዋቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ዋት እጥፍ ሆነ ማለት ድምፅ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ለዚህ ነው ከአምፑ በፊት የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም በ1 ዋት ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰጥ፣ እዩ የምለው። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ50 ዋት የሚደርስበትን ድምፅ፣ 87 ዴሲቤል የሚሰጠው ስፒከር የሚያገኘው በ100 ዋት ነው። ስታወዳድሩ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ የተለኩ መሆናቸውን አረጋግጡ። አንዳንዱ አምራች በ1 ዋት ፈንታ በ2.83 ቮልት ይለካል። በ4 ኦም ስፒከር ላይ ይህ 2 ዋት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በ3 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ይታያል።

«ስፒከሩን ከቀየርኩ በቃ»

ሰው ከሁሉ በላይ የሚረሳው በሩን ነው። ስፒከር ድምፅ የሚያወጣው ወደ ፊት ብቻ አይደለም። ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለውን አየር ይስባል። ስለዚህ ከፊቱ የሚወጣው ሞገድና ከኋላው የሚወጣው ተቃራኒ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ በተለይ ቤዙ። የበሩን ሽፋን ስትፈቱ የምታገኙት ላሜራ ደግሞ ትላልቅ ክፍተቶች አሉት። የኋላው ድምፅ በእነሱ በኩል ሾልኮ ከፊተኛው ጋር ይቀላቀላል። «አዲሱ ስፒከር ቤዝ የለውም» ተብሎ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስፒከሩ ምንም አላጠፋም።

እንግዲህ ሥራው እዚህ ነው። ክፍተቶቹ በጠንካራ ነገር ይዘጋሉ። ስፒከሩ አየር በማያሳልፍ ቀለበት ከላሜራው ጋር በደንብ ይታሰራል። ቀለበቱ ከእንጨት ከሆነ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀባል፤ በር ውስጥ ውሃ ይገባልና። ከዚያ ላሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ከቡታይል ጎማ የተሠራው የሚለጠፍ ሽፋን ይደረጋል።

ስለዚህ ሽፋን «በሩ በሙሉ ካልተሸፈነ ዋጋ የለውም» ይባላል። ልክ አይደለም። መንቀጥቀጡን ለመግታት የሰፋፊውን ላሜራ ሩብ ያህል መሸፈን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። የመንገድና የጎማ ጩኸት መከልከል ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ ከባድ ንጣፍና ስፖንጅ ይፈልጋል።

ሁለት ነገር አደራ። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች እንዳትዘጉ፤ ከተዘጉ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። ስፒከሩን ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርዱት። የስፒከሩ ማግኔት መስታወቱን የሚነካ ከሆነ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

የሽቦ መገለባበጥም አለ። የአንዱ በር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተለዋወጠ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቤዙ ከመሃል ይጠፋል። ሽቦውን ከአምፑ ወይም ከቴፑ ነቅላችሁ በ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ንኩት። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ከተገናኘ ስፒከሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን በእያንዳንዱ ስፒከር መሞከር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ላይ ግን አትሞክሩት።

«ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል»

ትንሽ ዋት በራሱ ምንም አያቃጥልም። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ እኮ ስፒከሩ የሚያገኘው ከ1 ዋት ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ተቃጠለብኝ አይልም። ጉዳት የሚመጣው አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ነው። ያን ጊዜ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ክሊፒንግ የሚባለው ይህ ነው። 50 ዋት ንጹሕ የሚሰጥ አምፕ ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ ወደ 100 ዋት ሊገፋ ይችላል። ከዚህ ላይ በሙዚቃው ውስጥ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይፈጠራል። ትዊተሩ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው።

ለዚህ ዋናው ተጠያቂ አምፑ ላይ ያለው ጌይን የሚባለው ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው ድምፅ መጨመሪያ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ሥራው ከቴፑ የሚመጣውን ቮልቴጅ ከአምፑ ጋር ማስማማት ነው። አንዱ ቴፕ 2 ቮልት ያወጣል፣ ሌላው 4። ጌይኑ የሚስተካከለው በዚያ ልክ ነው።

አስተካካሉ ከባድ አይደለም። ኢኳላይዘሩን ሁሉንም ዜሮ ላይ አድርጉ። ቤዝ ቡስትን (ቤዙን ለብቻው የሚያጎላውን ቁልፍ) አጥፉ። ጌይኑን እስከ መጨረሻው ቀንሱ። ጥራት ያለው ዘፈን ክፈቱና ቴፑን ሦስት አራተኛ ያህል ከፍ አድርጉ። አሁን ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ጌይኑን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ከዚያ ትንሽ መልሱት። በዚያው ይቆይ። ቤዝ ቡስት ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። 12 ዴሲቤል መጨመር ማለት በዚያ ድምፅ ላይ አምፑን 16 እጥፍ ገደማ ዋት መጠየቅ ነው። ያን ያህል ትርፍ ያለው አምፕ የለም።

«ቤዝ ሲመታ መብራቱ ከደበዘዘ ካፓሲተር ይገባል»

ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ለአፍታ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ ነው እንጂ ኃይል አያመነጭም። ከቧንቧ ሥር እንደተቀመጠ ትንሽ ጆግ ነው፤ ቧንቧው ካልበቃ ጆጉም ወዲያው ባዶ ይሆናል። በቁጥር እንየው። 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14.4 ወደ 12 ቮልት እስኪወርድ የሚሰጠው 32 ጁል ያህል ነው። 1000 ዋት ለጎደለው ሲስተም ይህ ለ0.03 ሰከንድ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ካፓሲተሩን ራሱን የሚሞላው ዲናሞው ነው፤ ጭራሽ ሌላ ሸክም ተጨመረበት ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ሽቦ ነው። ከዲናሞው ወደ ባትሪው፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ መኪናው ቦዲ፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄዱት ሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች ማለት ነው። የላሉ ከሆነ ይጠበቃሉ፣ የዛገው ይጸዳል፣ ቀጭኑ በወፍራም ይተካል። ቀጥሎ የባትሪው ጤንነት ይለካል። ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ አሁንም ከደበዘዘ፣ ሲስተሙ ከዲናሞው አቅም በላይ ነው። ሁለተኛ ባትሪ በዋናነት የሚጠቅመው ሞተር አጥፍቶ ለሚያዳምጥ ነው።

«ፊውዙ አምፑን ለመጠበቅ ነው»

ይህን ስህተት ሁሉም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መኪና ያቃጥላል። ከባትሪው አጠገብ የሚገባው ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው በመንገዱ ላይ ተፈግፍጎ ላሜራ ከነካ፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ በእሱ በኩል ይለቃል። ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ምንጣፉ ይያያዛል። ፊውዝ ከሌለ የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይሁን። መጠኑም ከሽቦው ውፍረት ጋር ይመጣጠን። አምፑ አጠገብ የሚደረግ ፊውዝ ከባትሪው እስከዚያ ያለውን ሽቦ አይጠብቅም። የተቃጠለ ፊውዝን በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት ደግሞ በፍጹም አይደረግም።

ሽቦ ስትገዙም ጠይቁ። ገበያ ላይ ካለው ብዙው ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ በመዳብ የተለበጠ ነው። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 61 በመቶ ገደማ ነው። ይሠራል፤ ግን ከመዳቡ ወፈር ያለ መሆን አለበት።

«ነዳጅ ሲረገጥ የሚያፏጨው ገመዱ ርካሽ ስለሆነ ነው»

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የግራውንድ፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ፣ ነው። የአምፑ ግራውንድ ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ወይም የወንበር ብሎን ላይ ታስሮ ታገኙታላችሁ። ቀለሙን ፍቃችሁ በንጹሕ ብረት ላይ፣ በአጭርና ከፖዘቲቩ እኩል በሆነ ወፍራም ሽቦ እሰሩት። ፉጨቱ ካልጠፋ ሲስተሙን አጥፉና ከቴፑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከአምፑ ንቀሉት። መልሳችሁ ስታበሩት ዝም ካለ ችግሩ ከቴፑ ወገን ነው። ፉጨት የሚያጣራ ፊልተር የሚገዛው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ነው።

«መኪና ጠባብ ስለሆነ ጥልቅ ቤዝ አይወጣበትም»

የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ገደማ ነው። «ይህ ሞገድ መኪና ውስጥ አይዘረጋም» ይላሉ። ለመስማት ግን መዘርጋት አያስፈልገውም። ጆሮ የሚሰማው የአየር ግፊት መለዋወጥን ነው፤ ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ቤዝ የሚሰማውም ለዚህ ነው። እንዲያውም ጠባብና የተዘጋ ቦታ ጥልቁን ቤዝ ያጎላዋል።

«15 ኢንች ውፈር (ቤዝ የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር) ቀርፋፋ ነው» የሚባለውም ያው ነው። ቀርፋፋ የሚያስመስለው መጠኑ ያልተሰላ ሳጥን ነው። የውፈሩ አምራች የሳጥኑን ስፋት በሊትር ይሰጣል። እሱን ተከተሉ።

«ፋብሪካው የገጠመው ቴፕ ካልወጣ ጥሩ ድምፅ የለም»

ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ በብዙ መኪና ላይ ቴፑ ከኋላ ካሜራ፣ ከማስጠንቀቂያ ድምፆችና ከመሪው ቁልፎች ጋር የተሳሰረ ነው። ማውጣቱ የማይፈለግ ጣጣ ያመጣል። ከስፒከሩ ሽቦ ላይ ድምፁን ወስዶ ለአምፕ የሚያስማማ መቀየሪያ አለ። አንዳንዱ አምፕም የስፒከር ሽቦን በቀጥታ ይቀበላል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካው ቤዙን ለራሱ ትንንሽ ስፒከሮች ብሎ አስተካክሎታል። ብዙ ቴፖች ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙን ሆን ብለው ይቀንሳሉ። ይህን የሚያቃናው ዲኤስፒ የሚባለው ዲጂታል የድምፅ ማስተካከያ መሣሪያ ነው። የድምፅን መዘግየትም ያስተካክላል። ለሾፌሩ ቅርብ ከሆነው ስፒከር ይልቅ በ1 ሜትር የሚርቀው ስፒከር ድምፁ በ2.9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ዲኤስፒው ቅርቡን በዚያው ልክ ያዘገየውና ዘፋኙ ከበሩ ተነሥቶ ከፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከሁለተኛ ውፈር በፊት ይህን ግዙ።